የዲምፕና ግማሽ

ያን ማክሰኞ አትራክታ እንደ ማንኛውም ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ምድጃውን አቀጣጠለች፤ ለዶሮዎቹ እህል በተነች፤ አራት እንቁላል ለቅማ ሁለቱን ለጎረቤቷ ለፌስቲ ለየች። የአጃ ገንፎዋን ቆማ በላች። ባሏ ማላኪ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ለቁርስ መቀመጥ ትታለች። ሳህኗን አጥባ ደፋች። ትናንት የጋገረችውን ቡናማ ዳቦ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ በትንሿ ሻንጣ ውስጥ ከመቁጠሪያዋ አጠገብ አኖረችው። ውጭ የመንደሯ የኪልቲማ ዝናብ ይዘንባል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ቀኑን ከሌላው ቀን የለየው ጉዞው ነው። ታላቅ እህቷ ዲምፕና እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ውስጥ፣ መዳን የማይጠበቅላቸው ሕመምተኞች በሚያርፉበት ቤት ተኝታለች። ሐኪሞቹ «የቀናት ጉዳይ ነው» ብለዋል። ዲምፕና ነርስነት ልትማር ባሕሩን የተሻገረችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያው አግብታ፣ ወልዳ፣ እዚያው ቀረች። ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን በሳምንት አንዴ፣ በኋላ ደግሞ በየምሽቱ፣ እህትማማቾቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይደዋወሉና መቁጠሪያ ይደግማሉ። ሥርዓቱ የእናታቸው ቤት ሥርዓት ነው። አንዱ የጸሎቱን የመጀመሪያ ግማሽ ይላል፣ ሌላው ሁለተኛውን ይመልሳል። ታላቂቱ ትጀምራለች፣ ታናሺቱ ትቀበላለች። ይኸው ከስድሳ ዓመት በላይ፣ ዲምፕና ጀምራ አትራክታ ስትቀበል ኖራለች።

ማላኪ የሞተው በወረርሽኙ ጊዜ፣ ጠያቂ ወደ ሆስፒታል በማይገባበት ወራት ነው፤ ብቻውን። ያን ሰሞን ዲምፕና በስልክ፣ «እኔ ግን አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ሳትቀበዪኝ አልሄድም፤ ሰምተሻል?» አለቻት። አትራክታ «እመጣለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ሁለቱም አላነሡትም።

ረፋዱ ላይ ፌስቲ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። ፌስቲ አርባ አንድ ዓመት ፖስታ ያደለ ሰው ነው። አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ይዞ ባለቤቱን ሳያገኝ የቀረበት ቀን የለም። አንዴ «ለቀይዋ በር እመቤት፣ ውሻዋ ለሚናከሰው» ተብሎ የተጻፈ ፖስታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አድርሷል፤ ውሻውም ነክሶታል። የአትራክታን ቲኬት የቆረጠላትም እሱ ነው። ባለፈው ሐሙስ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር የመነሻቸውንና ለኮቨንትሪ የሚቀርበውን የበርሚንግሃምን ስም ጽፎ መጀመሪያ ብቅ ያለለትን ገጽ ተጫነ። የአየር መንገዱ ገጽ መስሎት ነበር። ሰማያዊ ነው፣ አውሮፕላንም አለበት።

«ፓስፖርት?» አላት መሪውን እንደያዘ።

«ይዣለሁ።»

«ዳቦው?»

«ይዣለሁ።»

«ማርማላታ ከያዝሽ ይቀሙሻል። የእኔን አክስት ፍተሻው ላይ ቀምተዋት፣ እነሱው ፊት በማንኪያ ጨረሰችው።»

«አልያዝኩም። አንተ ወሬህን ተውና መንገዱን እይ።»

«አይ አንቺ ሴትዮ! እንግሊዝ ስትደርሺ እግዜር ይሁናቸው።»

የቲኬቱ ወረቀት አውሮፕላኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚነሣ ይናገራል። ከታች በደቃቅ ፊደል፣ ተጓዡ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ባንኮኒው ዘንድ ቀርቦ ፓስፖርቱን እንዲያሳይ ይላል። ኮረብታው ላይ ካለችው ትንሽ አየር ማረፊያ ሲደርሱ ልክ ስድስት ተኩል ነበር። አዳራሹ ባዶ ነው። አንድ ሰውዬ ወለል ይወለውላል። ባንኮኒው ጀርባ ክሊዮና የሚል ስም ደረቷ ላይ የለጠፈች ልጅ ተቀምጣለች። ፓስፖርቱን አየች፣ ከዚያ ሰዓቷን አየች።

«እናቴ፣ የበርሚንግሃሙ እኮ ሄዷል። አምስት ተኩል ላይ ተነሣ።»

ፌስቲ ሳቀ። «ያ የሌሎች ይሆናል የኔ ልጅ። የእኛ ስምንት ተኩል ነው፤ ይኸው ወረቀቱ።»

«ሰዓቱ ተቀይሯል አባቴ። ቅዳሜ ለሁሉም ተጓዥ መልእክት ተልኳል።»

«ለእሷ አልተላከም።»

«ተልኳል። ይኸው።» ማሳያውን ወደነሱ አዞረችው። በአትራክታ ስም የተጻፈ የኢሜይል አድራሻ ነበር፤ ከስሟ ቀጥሎ ዘጠኝ ቁጥሮች ተደርድረዋል።

ፌስቲ መነጽሩን አወጣ። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄ የእሷ አይደለም። እሷ ኢሜይል የሚባል ነገር የላትም። እኔ የራሴን ነው የሰጠሁት።»

«የገዛችሁት ከኢንተርኔት ደላላ ነው» አለች ክሊዮና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የደንበኛውን አድራሻ ለእኛ አይሰጡንም። በስማችሁ አንድ ይፈጥሩና እሱን ይልኩልናል። ከድርጅታችን ጋር ፍርድ ቤት ከቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ድርጅቱ ከእነሱ አትግዙ ይላል፤ እነሱ ደግሞ ገበያውን ለብቻው ሊይዘው ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ይህን ሣጥን ማነው የሚከፍተው?»

«ማንም።»

«ማንም» አለ ፌስቲ። «ቤት የለው፣ በር የለው። ደብዳቤ ግን ይገባበታል።»

ወረቀቱ ላይ ያለውን የደላላውን ቁጥር ደወለ። ለረጅም ጊዜ ሙዚቃ ሰማ። በመጨረሻ አንድ ሰው አነሣ፦ «ጌታዬ፣ እኛ ምን እናድርግ? አየር መንገዱ ለእኛ አልነገረንም። ከእኛ የገዛውን ሰው ሆን ብሎ ነው የሚያንገላታው። እሱን ይጠይቁ።»

ፌስቲ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «በሉ ተነጋገሩ። ሁለታችሁም አላችሁ።»

«ሃሎ?» አለ ስልኩ።

ክሊዮና ስልኩን አየችው። ጆሮዋ ቀላ። «ከእነሱ ጋር እንዳንነጋገር ታዘናል» አለች።

«ሃሎ?» አለ ስልኩ እንደገና።

«ዝጋው ፌስቲ» አለች አትራክታ። ወደ ልጅቷ ዞራ፣ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከዚህ ሐሙስ ነው። ከደብሊን ግን ዛሬ ምሽት አለ። ሁለት ወንበር ቀርቶታል።»

«ደብሊን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው» አለ ፌስቲ። «በሁለት ሰዓት ተኩል አደርስሻለሁ። ፖሊስ ቢያቆመኝ አባቱን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ክሊዮና መተየብ ጀመረች። የአትራክታን ስም ፊደል በፊደል ጠየቀቻት፤ ቀስ ብላ፣ ሳትሳሳት። የትውልድ ቀኗ ላይ ሲደርሱ የአትራክታ ስልክ ጮኸ። የዲምፕና ልጅ ኦርላ ናት።

«አክስቴ፣ አየር ማረፊያ ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ፤ አውሮፕላኑ ግን አምልጦኛል።»

ኦርላ ለምን ብላ አልጠየቀችም። «አተነፋፈሷ ተለውጧል» አለች። «ነርሷ ብዙ አይቆይም አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ላድርግላት?»

«አድርጊላት።»

አትራክታ ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሻንጣዋን ከፍታ መቁጠሪያዋን ከዳቦው አጠገብ አወጣች። የመጀመሪያውን ፍሬ በጣቶቿ ያዘች። በስልኩ ውስጥ የእህቷ ትንፋሽ ይሰማል፤ ረጅም፣ ሸካራ፣ ከዚያ ፀጥታ፣ ከዚያ እንደገና።

አትራክታም ጠበቀች።

አስባበት አይደለም። ፍሬውን ከያዘች በኋላ የሚመጣው የዲምፕና ድምፅ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ያ ድምፅ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ የእሷ ምላስ የሚፈታው እዚያ ላይ ነው። ትንፋሹ መጣ። ፀጥታው መጣ። ጠበቀች። የወልዋዩ ባልዲ ተንኳኳ።

«አክስቴ?» አለች ኦርላ ከሩቅ። «አለሽ? እባክሽ የሆነ ነገር በያት።»

ያን ጊዜ ነው የሚጀምርላት እንደሌለ የገባት። የመጀመሪያውን ግማሽ ልትል አፏን ከፈተች። እንደ ስሟ የምታውቀው ጸሎት ነው፤ በሕፃንነቷ እናቷ ጉልበት ላይ ሆና የሰማችው። አልመጣም። የሚመጣላት ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከምንም ተነሥቶ አይመጣም።

ፌስቲ ከባንኮኒው አያት። በቄሱ ተቀይሞ ከቤተ ክርስቲያን ከራቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና በሻካራ የፖስተኛ ድምፁ ጀመረ። ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገው። አትራክታም ተቀበለች፦ «...አሁንም፣ በሞታችንም ሰዓት።»

እንደገና ጀመረ። እንደገና ተቀበለች። ክሊዮና እጆቿን ከመተየቢያው ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረች። ስድስተኛው ላይ ፌስቲ አንድ ሐረግ ዘለለ።

«ዘለልክ» አለችው አትራክታ።

«ይቅርታ።» ጸሎቱን ከመጀመሪያው ደገመው።

አሥሩ አልቆ ወደ ሁለተኛው አሥር ሊገቡ ሲሉ ኦርላ፣ «አክስቴ...» አለች። «በቃ።»

«መቼ?»

«እንጃ። አንቺ ዝም ባልሽበት ጊዜ ስትተነፍስ ሰምቻታለሁ። ከዚያ በኋላ... እኔ የምሰማው እናንተን ነበር፤ አላስተዋልኩም።» አፍንጫዋን ሳበች። «ግን ሰምታሻለች አክስቴ። ጸሎቱን ሰምታለች።»

«እሺ የኔ ልጅ» አለች አትራክታ። «አይኖቿን ክደኚላት። ነፍሷ እንድትወጣ መስኮቱን ትንሽ ክፈቺው።»

ስልኩን ዘጋች። መቁጠሪያውን ጠቅልላ ወደ ቦታው መለሰች። ክሊዮና ከባንኮኒው ወጥታ በወረቀት ኩባያ ሻይ አመጣችላት፤ አትራክታም አመስግና እስኪጨርስ ጠጣችው።

ሐሙስ ዕለት በራሷ ስም፣ በራሷ እጅ ባንኮኒው ላይ በገዛችው ቲኬት ሄደች። ዳቦው ደርቆ ነበር፤ የኦርላ ልጆች በቅቤ በሉት።

ፌስቲ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ወደዚያ ዘጠኝ ቁጥር ወዳለው አድራሻ «እዚያ ያለው ማን ነው?» ብሎ ጻፈ። መልስ አልመጣም፤ ባለቤቱ አልተገኘም ተብሎም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ስለ ፖስታ ሥራው አያወራም። አንድ ቀን እንቁላሉን ሊቀበል መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆቡን እያሻሸ፣ «በየማታው መጥቼ ልጀምርልሽ?» አላት።

«አይ ፌስቲ፣ ይቅር። እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አትራክታ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ፍሬውን ትይዛለች። ሁለተኛው ግማሽ አፏ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን የሚል የለም።