እጃችሁን ክተቱ

ደብሪቱ ዘፈኑን መሀል ላይ ጥላ ከመድረኩ ወረደች። መርሳ ገበያ ዳር፣ መድረክ ሆኖ በቆመው የጭነት መኪና ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ማጨብጨቡን አላቋረጠም። ዘፈኑን ያሮጠው ይኸው ጭብጨባ ነው። ረዲ በጊታሩ ጭብጨባውን ተከተለ፤ ፈንታው በከበሮው ረዲን ቀደመው፤ ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ የተሠራው ዜማ የሠርግ ጭፈራ ሆኖ አረፈው።

"ምን ሆንሽ?" አለ የወልድያ ኪነት ቡድን መሪ መምህር ሽፈራው፣ ከመኪናው ኋላ ደርሶባት። "ሕዝቡ ወዶታል እኮ።"

"የወደደው የራሱን ጭብጨባ ነው።"

ዜማውን ያወጣችው ወልድያ፣ ስፌት ማኅበሩ ውስጥ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው። ረዲ ቡድኑ ያገኛትን አንዲት የኤሌክትሪክ ጊታር ታቅፎ፣ ዜማውን እንድትለምድለት ክረምቱን ሙሉ ከጊታሯ ጋር ሲነታረክ ከረመ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግጥሙን ሰምቶ፣ "ይሄ የምታነሽው ሰው ጓድ ነው?" ቢላት፣ "ሾፌር ነው" አለችው። ስቆ አሳለፈላት። አሁን የቀረው ደሴ ነው። እዚያ ለሚደረገው የክፍለ ሀገሩ ውድድር ቡድኑ የሚያቀርበው አንድ አዲስ ዘፈን ብቻ ሲሆን፣ የሚመረጠውም ዛሬ መርሳ ላይ ሕዝቡ እንደተቀበለው ታይቶ ነው።

"ማታ ድረስ አንጨቃጨቅ" አለ ሽፈራው። "በችክችካ ምት አድርጊው። አለዚያ የፈንታውን የመኸር ዘፈን እወስዳለሁ።"

"ውሰደው። እህሉ ደሴ እስኪደርስ ይነቅዛል።"

ፈንታው ከበሮውን እንዳነገተ ሳቀ። "የኔ እመቤት፣ የወሎ ሰው እጁን አጣጥፎ ጊታር አይሰማም።"

"ትዝታስ ሲሰማ? ማን ያጨበጭብበታል?"

ፈንታው የከበሮውን ማንገቻ አላላ።

"ከበሮህን አውርድና ተቀመጥበት" አለችው። "ረዲ፣ ና።"

ተመልሳ ወጣች። ድምፅ ማጉያውን ጠጋ አለችና፣ "ይቺን ለመስማት እጅ አያስፈልጋችሁም" አለች። "ኪስ ያለው ኪሱ፣ ኪስ የሌለው ነጠላው ውስጥ ይክተት።"

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አንዱ ጎረምሳ፣ "የሚስቴን እጅ ብይዝስ?" አለ።

"ከፈቀደችልህ።"

እየሳቁም ቢሆን ከተቱ። ረዲ ክሩን አንዴ ነካ። ደብሪቱ ጀመረች፦

"ትመጣለህ ብዬ መንገድ አላየሁም፤
ኩራዜን ግን ዛሬም እኔ አላጠፋሁም።"

የሚያሯሩጣት ጭብጨባ ስለሌለ ድምጿ ጊዜውን ወሰደ። ጊታሩም እሷ እስክትጨርስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ብቻውን ያለቅሳል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ጨው ነጋዴዋ እማማ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። ባለሚስቱ ጎረምሳም ቀልዱን ረሳ።

ዘፈኑ አለቀ። ማንም አላጨበጨበም።

ሽፈራው ከታች ሆኖ፣ "ጉድሽን አየሽ?" አላት።

ያኔ ነው ያስተዋለችው። የሁሉም እጅ ኪሱና ነጠላው ውስጥ ነው። ዓይናቸውም እሷ ላይ ነው።

ሽፈራውም ገባውና ወደ መድረኩ ተንጠራራ። "ፍቀጂላቸዋ! አንድ ቃል ነው። የቀበሌ ሰዎች እያዩ ነው፤ ጭብጨባ ካልሰሙ ምን ብዬ ደሴ እወስደዋለሁ?"

አንድ ቃል ነው፤ እውነቱን ነው። አፏን ልትከፍት ስትል እማማ አስካለ ቀደሟት።

"ልጄ፣ ያቺን የኩራዟን በደንብ አልያዝኳትም። ለማታ ለራሴ እንድላት ነበር።"

ደብሪቱ ሽፈራውን አየችው፤ ከዚያ አሮጊቷን።

"ለእርስዎ ከሆነማ እደግመዋለሁ እማማ" አለች፤ ወደ ረዲም ዞረች። "ከመጀመሪያው። እንዳትቸኩል።"