የላላው ቃልና የጠበቀው ፍርድ

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ኃላፊ ዓለም ከሚፈጸመው የግፍ ዓይነት ሁሉ መራራውና መርዛማው፣ ጉልበተኛ ከደካማ የሚቀማው ሳይሆን አላዋቂ በዐዋቂ ላይ የሚፈርደው ነው፤ የተቀማ ሰው የተቀማውን በጣቱ ጠቁሞ ለጎረቤቱ ሊያሳይ ይችላልና፤ በአላዋቂ የተፈረደበት ግን ንጽሕናውን የሚያስረዳበት ጥበብ ራሱ ለዳኛው ባዕድ ልሳን ስለሚሆንበት፣ እየተናገረ ዲዳ፣ እየመሰከረም ወንጀለኛ ሆኖ ይቀራል። የዚህን እውነትነት የሚጠራጠር ቢኖር፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ «ሠለስቱ አዕዋፍ» ተብለው የዘፈኑትን የሦስቱን ሴቶች ነገር፣ ይልቁንም የታችኛዋን ድምፅ የአመተማርያምን ዕጣ ፈንታ ይመልከት።

አቶ ምንውየለት የሚባል፣ ለንደን ዐሥር ወር ተቀምጦ ዐሥር ዓመት የተማረ መስሎ የተመለሰ የቴአትር ቤት ኃላፊ ነበር። ከዚያች ሀገር ያመጣው ዕውቀት በአንዲት ሣጥን የሚያልቅ ነው፤ በሣጥኗም ውስጥ፣ ሦስት እንግሊዛውያት እኅትማማቾች በሦስት ጉሮሮ አንድ ሆነው የሚያዜሙባቸው ሸክላዎች ነበሩ። የእነርሱን አምሳያ ለማቆም ሦስት ልጃገረዶች መረጠ፦ መልኳ ከድምፅዋ ቀድሞ የሚጨበጨብለትን የውብዳርን ለላይኛው፣ ለሁሉ ነገር እሺ ማለት የሚቀናትን ደብሪቱን ለመካከለኛው፣ የመሪጌታ ሥነጊዮርጊስን ልጅ አመተማርያምን ደግሞ ለታችኛው ድምፅ። አንድ ዓይነት ቀሚስ አስለበሳቸው፤ ነጭ ጓንት አጠለቀላቸው፤ እንደ ለንደኖቹ አንገታቸውን በአንድነት ማዘንበልን አስተማራቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ በሬዲዮ ተሰሙ፣ በሸክላ ታተሙ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ተጋበዙ። ግጥሞቹን ሁሉ የምትደርሰው፣ ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ቅኔ የሰማችው አመተማርያም ነበረች፤ በሸክላዎቹ ላይ ግን «ግጥም፦ አቶ ምንውየለት» የሚል ይነበብ ነበር። ስሟን እንዲያስገባላት በጠየቀችው ቁጥር የሚቀጥለውን ሸክላ ተስፋ ይሰጣታል፤ እርሷም ከክብር ሁሉ አብልጣ የምትሻው ይህንኑ፣ የእጇ ሥራ በስሟ እንዲጠራ ነበርና፣ እያመነችው ትቀጥላለች።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ጠቅላይ ግዛት ለዳኝነት የተሾሙ ታላቅ ሰው (ስማቸውን መጻፍ ብዕርን ማጉደፍ ነውና ይቅርብን) አዲስ ያሠሩትን አዳራሽ ሲያስመርቁ፣ ሠለስቱ አዕዋፍ የውዳሴ ዘፈን እንዲያቀርቡ ታዘዙ። «ይህን አሳምሪልኝ» አላት አቶ ምንውየለት፤ «በሸክላ ሲወጣ ያለ ጥርጥር በስምሽ ነው።» እርሷም ከሌሎች ስንኞች ጋር እንዲህ ስትል ጻፈች፦

ጅራፍ መች ያነሣል፣ ሰይፍ መቼ ይመዛል፤
ዳኛችን ሲፈርድ በወርቅ ቃሉ ይገዛል።

አንባቢ ሆይ፣ «ይገዛል» የሚለው ላልቶ ሲነበብ፣ ዳኛው ወርቅ በሆነ ቃሉ ሕዝቡን ያስተዳድራል ማለት ነው፤ የዋሂቱ ደራሲ ያሰበችውም ይህንኑ ብቻ ነበር። ነገር ግን ከ«በወርቅ» በኋላ ዕረፍት ተደርጎ ግሡ ጠብቆ ከተነገረ፣ የዳኛው ቃል በወርቅ የሚሸመት ሸቀጥ ይሆናል፤ ስለ ሰውየውም በገበያው በሹክሹክታ ይወራ የነበረው ይኸው ነበር። አቶ ምንውየለት በልምምዱ ቀን በትሩን አንሥቶ፣ «‹በወርቅ› ካላችሁ በኋላ አየር ሳቡ፤ ከዚያ ‹ቃሉ ይገዛል› የሚለውን ሦስታችሁም አጥብቃችሁ እንደ መዶሻ ምቱት» አላቸው።

«ጌታዬ፣ ከጠበቀ ይበላሻል» አለች አመተማርያም። «ይላላ፤ ትንፋሹም ከ‹ቃሉ› በኋላ ይሁን።»

«የለንደኖቹ እኅትማማቾች እዚህ ላይ ነው የሚተነፍሱት።»

«እነርሱ የሚተነፍሱት በእንግሊዝኛ ነው፣ ጌታዬ።»

ደብሪቱ ሳቋን በጓንቷ አፈነች። የውብዳር ግን ከመስተዋቱ ሳትዞር፣ «እቱ፣ ከአባትሽ ቅኔ ቤት ያለሽ መሰለሽ እንዴ? እዚህ ዘፈን ነው የምንዘፍነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለደብተራዎቹ ተዪላቸው» አለች።

«አንቺ የመሪጌታ ልጅ» ሲል ደመደመ አቶ ምንውየለት፤ «ታችኛ ድምፅ ነሽ፤ ታች ሁኚ።»

በምረቃው ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አዳራሹ በመኳንንትና በባለጉዳይ ተሞልቶ ሳለ፣ ሠለስቱ አዕዋፍ አንገታቸውን አዘንብለው ያንን ስንኝ እንደ ታዘዙት መቱት። አመተማርያም ብቻዋን አላልታ ዘፈነች፤ ግን በሁለት መዶሻ ሥር ያለ አንድ ለስላሳ ድምፅ ማን ይሰማዋል? አስቀድሞ ከኋላ ወንበር አንድ ባለጉዳይ ትን አለው፤ ከዚያ ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ተዛመተ። ዳኛውም ሕዝቡ በውዳሴያቸው የተደሰተ መስሏቸው ከሁሉ በላይ እያጨበጨቡ «ይደገም» አሉ፤ ተደገመም። በሁለተኛው ላይ ጸሐፊያቸው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ሲል፣ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ሹማምንት ለምርመራ ተሰየሙ። አቶ ምንውየለት ቀርቦ፣ «ግጥሙ የእርሷ ነው» አለ። «እውነቱን ለመናገር ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉም የእርሷ ነበር፤ እኔ ስሜን ብቻ ነው ያዋስኳት። ከቅኔ ቤት የወጣች ሴት ምን እንደምትሸሽግ እኔ በምን ዐውቃለሁ?» እነሆ፣ ለምስጋና የተነፈጋት ስም ለቅጣት ተሰጣት። የውብዳርም፣ «ትንፋሹን እዚያ ላይ ያስገባችው እርሷ ናት፤ እኛማ ያሉንን የምንል ድምፅ ነን» ስትል መሰከረች፤ ደብሪቱም እንደ ልማዷ እሺ አለች።

አመተማርያም አላለቀሰችም። እንደ ጻፈችው ትዘፍነው ዘንድ ፈቃድ ጠየቀች፤ ከሹማምንቱ ፊት ቆማም ስንኙን አላልታ፣ ትንፋሹን በቦታው አድርጋ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ሁለት ጊዜ ዘፈነችው። ከዚያም ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ሽማግሌ ዞራ፣ «አባቴ፣ እንደ ሰሙት ላልቶ ይጻፍልኝ» አለች።

«እንዴት አድርጌ፣ ልጄ?» አለ ሽማግሌው ብዕሩን አንሥቶ። «ቢላላም ቢጠብቅም ‹ገ› ያው ‹ገ› ነው፤ ‹ዛ›ም ያው ‹ዛ› ነው።»

«እንግዲያው ከጎኑ ‹ላልቶ› ብለው ይጨምሩበት።»

«በመዝገብ ላይ ማብራሪያ አይጨመርም» አሉ ሰብሳቢው፣ ሰዓታቸውን እያዩ። «ቃሏ ብቻ ይጻፍ።»

ቃሏም ተጻፈ፦ «ተጠያቂዋ ‹በወርቅ ቃሉ ይገዛል› ብላ መዝፈኗን በገዛ አንደበቷ ሁለት ጊዜ ደጋግማ አረጋግጣለች።» እንድትፈርም ሲሰጧት ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ሐሰት የሆነ አንዲት ፊደል ብትፈልግ አጣችበት፤ ስለዚህ ፈረመች። በዚያው ፊርማ በማናቸውም መድረክ እንዳትቆም ተከለከለች። በቦታዋ ሌላ ልጅ ቢተኩም ሠለስቱ አዕዋፍ መሠረት እንደሌለው ካብ በስምንት ወር ተናዱ፤ አቶ ምንውየለት ግን ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወረ፤ የውብዳርም ያንኑ መልኳን ይዛ ለብቻዋ በየሆቴሉ አዜመች።

ከዚህ ሁሉ ግን የከፋው ወዳጅ ነኝ ባዩ ነበር። ተማሪዎች ወደ መሪጌታው ቤት እየመጡ፣ «አፍሽ ይባረክ፤ ሹሙን በወርቅ ሸፍነሽ ወጋሽው» ይሏት ነበር። እርሷም፣ «አልወጋሁም፤ አጥብቆ ያዘፈነን የአንድ መሃይም ስሕተት ነው» ስትላቸው፣ ይህም ሰምና ወርቅ መስሏቸው እየተጣቀሱ ይወጣሉ። እንዲህ ሆኖ ጠላቶቿ ባልፈጸመችው ወንጀል፣ አድናቂዎቿም በማታውቀው ጀግንነት ስሟን ተካፈሉት፤ የደከመችበትን፣ ላልቶ እንዲዘፈን የጻፈችውን ያን ንጹሕ ስንኝ ግን የእርሷ ነው የሚልላት አልተገኘም። መዝገብ የቃልን አስከሬን እንጂ ነፍሱን አይዝም፤ ዳኞችም ከጥንት ጀምሮ ሲመረምሩ የሚውሉት አስከሬኑን ነው።