አራት ሚሊሜትር

«ከፎቶው በስተቀኝ ላድርጋት በስተግራ?» አለች የሟች ሚስት፣ ስንዝር የምታህል የፕላስቲክ ተዋጊ አውሮፕላን በሁለት እጇ እንደ እንቁላል ይዛ።

የሟች ታናሽ ወንድም ሚሊሜትር ቡናው ትን አለው።

«እትዬ፣ ምን አስቸኮለሽ... ቁም ሳጥኑ ውስጥ ብትቆይስ?»

«ለምን ትቆይ? ባሌ ሰባት ወር ሙሉ ዓይኑ እስኪጠፋ የሠራት ናት። ሰው ይያት!» ከፎቶው በስተቀኝ አስቀመጠቻትና ወደ ለቀስተኞቹ ዞረች። «በውድድሩ ላይ ሙሉ ነጥብ የሰጠው ይሄ ወንድሙ ነው። ያን ቀን ቤት ሲገባ 'ታናሼ ሙሉ ነጥብ ሰጠኝ' እያለ እራቱን እንኳ በወጉ አልበላም። እግዜር ይስጥህ የኔ ወንድም፤ የመጨረሻ ደስታው አንተ ነህ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሚሊሜትር ዞሮ ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። እሱ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሙሉ ነጥብ! ወንድሙን መጨረሻ ነው ያወጣው፤ ያውም በማይክሮፎን።

ሚሊሜትር ቅጽል ስሙ ነው፤ ያወጡለትም የአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር አባላት ናቸው። ደግሞም እውነታቸውን ነው። የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛው ሰውዬ የግራና የቀኝ ጫማው ክር እኩል ካልሆነ ከቤት አይወጣም።

ታላቅ ወንድሙ ግን ሌላ ሰው ነበር። ዕድሜውን በተዋጊ አውሮፕላኖች ሆድ ስር ያሳለፈ መካኒክ። አባታቸው ሲሞት ሚሊሜትርን ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ የመጀመሪያውን ማስመሪያ የገዛለት እሱ ነው። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታና አንድ ቀን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በጣም ርካሹን ካርቶን ገዝቶ መጣ። ውስጡ እየቆረጡ እያጣበቁ የሚሠሩት፣ ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ አውሮፕላን አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መጫወቻ ነው» ብሎ ሳቀበት ሚሊሜትር። «ክንፉ ወፍራም፣ መስመሩ ቦይ ያህል የጠለቀ። ከስሙ በቀር ከእውነተኛው ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም።»

«ግድ የለም፣ አስተካክላታለሁ» አለ ታላቁ።

እውነትም ክንፏን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ አሳሳው። የጠለቁትን መስመሮች በስቱኮ ሞልቶ በመርፌ ጫፍ እንደገና ጫራቸው። አፍንጫዋን ደግሞ በትንሽ መጋዝ ቆርጦ፣ የፕላስቲክ ቁራጭ ጨምሮባት መልሶ አጣበቀው።

የውድድሩ ቀን ሚሊሜትር ዋና ዳኛ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከኋላ አንዱ፣ «ዛሬ አንደኛው ማን እንደሆነ ከአሁኑ እናውቃለን፤ ሥጋ አይደል!» ሲል ሰማው። ደሙ ፈላ። ሚሊሜትር አድልቷል ከሚባል ሞቱን ይመርጣል። የወንድሙ ተራ ሲደርስ ከመጽሐፍ የቀዳውን ንድፍ ዘረጋ፤ የሌሎቹን አፍንጫ አንዴ ብቻ ሲለካ የእሱን ሦስት ጊዜ ለካ። ከዚያ ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ካርቶኑ ርካሽ ነው፤ ይሁን፣ ያ ይታለፋል። ሠሪው ግን ይባስ አበላሽቶታል። አፍንጫው በአራት ሚሊሜትር ረዝሟል። ይሄ አውሮፕላን ገና ሳይነሳ አፍንጫው ቀድሞት ይደርሳል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ታላቅ ወንድሙ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«የለም እኮ፣ እኛ ጋ የነበሩት...»

«ከዳኛ ጋር ክርክር የለም!»

ታላቁ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ሚሊሜትር ግን ወዲያው ነው ያወቀው። በማግስቱ ሊደውል ስልኩን አነሳና፣ ነገ ይሻላል ብሎ አስቀመጠው። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ስምንት ወር። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይሄው ነው። በመጨረሻ ስልኩ ሲጠራ የእትዬ ድምፅ ነበር፤ «ጋሼህ... ልቡ ቀጥ አለ።»

አሁን ለቅሶ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁለት ጎረቤቶች ሲያንሾካሹኩ ይሰማል።

«ወንድሙ እኮ ከመጣ እህል አልቀመሰም።»

«ውይ፣ እንዴት ቢዋደዱ ነው!»

ቀትር ላይ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። ከሟች ጋር ሃያ ዓመት የሠሩ የአውሮፕላን ራዲዮ ባለሙያ ናቸው። ነፍስ ይማር ብለው ሊቀመጡ ሲሉ ዓይናቸው ፎቶውና አውሮፕላኗ ያሉበት ጠረጴዛ ላይ አረፈና ቆመው ቀሩ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«እሷ ናት! በስማም፣ ራሷ ናት! አፍንጫዋን አያችሁ?»

«አፍንጫዋ ምን ሆነ?» አለች እትዬ።

«ምን ይሆናል፣ ልክ ነው እንጂ! የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አፍንጫቸው አጭር ነበር፤ መጽሐፍ ላይ የምታዩአቸው እነሱን ነው። እኛ ጋ የመጡት የኋለኞቹ ናቸው። የራዲዮው ሣጥን ወደፊት ስለተዛወረ አፍንጫቸው ከስንዝር ትንሽ በለጥ ብሎ ረዝሟል። እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ የሠራሁበት ቦታ እኮ ነው!»

የሚሊሜትር ጭንቅላት ሳያዘው ማባዛት ጀመረ። አራት ጊዜ ሰባ ሁለት፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት፤ ሃያ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ገደማ። ከስንዝር በለጥ ያለ። ልክ ነው። ወይ ነዶ!

«አንድ ዳኛ ተብዬ ግን 'ረዝሟል' ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው አሳቀበት» ቀጠሉ ሽማግሌው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ማን እንደሆነ ንገረኝና ሄጄ ላስረዳው ብለው፣ እምቢ አለኝ። 'ተወው፣ የተከበረ ልጅ ነው፤ በሰው ፊት አላሳፍረውም' አለኝ። ማንነቱን ሳይነግረኝ ሞተ።»

እትዬ ግራ ገባት። «የለም አባባ፣ ተሳስተው ነው። እሱ ሙሉ ነጥብ ነው ያገኘው። ዳኛውም ይኸው፣ ወንድሙ ነው። ንገራቸው እንጂ አንተ!»

ሚሊሜትር አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «ሌላ ውድድር ይሆናል» ቢል ሽማግሌው ያምኑታል፤ እትዬም እንደመረቀችው ትኖራለች። መውጫውን ሟቹ ራሱ አዘጋጅቶለት ነው የሄደው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ያኔ ወንድሙ ፈገግ ብሎ እንዴት እንደተቀመጠ ትዝ አለው፤ ቃሉን ዋጠውና ተነሳ።

«አባባ አልተሳሳቱም» አለ። «ሞኙ ዳኛ እኔ ነኝ። መጨረሻ አወጣሁት። ሊያስረዳኝ ሲነሳ አፉን አዘጋሁት። ያሳደገኝን ሰው፣ አድልቷል እንዳልባል ብዬ የሰው መሳቂያ አደረግኩት። ትክክሉ እሱ ነበር። እንኳን ይቅርታ ልለው፣ ስልክም አልደወልኩለትም።»

ሽማግሌው አቀርቅረው ምርኩዛቸውን ያዩ ጀመር። እትዬ ወደ ፎቶው ዞረች።

«አንተ ውሸታም!» አለችው ባሏን። ልትስቅ ሲዳዳት እንባዋ ቀደማት። «ስምንት ወር ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ስፎክር ዝም ትለኛለህ?» ከዚያ ወደ ሚሊሜትር ዞረች፤ ፊቷ ጠንክሯል። «ይሄን ማለት ያኔ ነበር። እሱ እየሰማ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስልኩ በጠራ ቁጥር 'ታናሼ ይሆናል' እያለ ሮጦ ያነሳ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

ሚሊሜትር ሊቀመጥ ሲል በሩ ተንኳኳ። የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር አባላት ናቸው፤ አምስት ሆነው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አምስቱም ስቀዋል።

እትዬ አየቻቸው። ከዚያ አውሮፕላኗን ከጠረጴዛው አንስታ በሚሊሜትር እጅ ላይ አኖረቻት።

«ለነሱም ንገራቸው» አለች።

ሚሊሜትር ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። «አፍንጫዋ ልክ ነበር...» ብሎ ጀመረ። አምስቱ ቆመው ጠበቁት። ሌባ ጣቱን አፍንጫዋ ሥር አሳረፈና፣ የተኛ ሕፃን ፊት እንደሚዳስስ ሰው፣ ቀስ አድርጎ እስከ ጫፏ ወሰደው።