ሦስት ስህተት የጎደለው ደብዳቤ

የመሥሪያ ቤታችንን ኃላፊ «አራት ነጥብ» እንላቸዋለን፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚቀጥል ነገር ስለሌለ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው አልናገርም፤ እንጀራዬን እፈልገዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከበላይ አካል አንድ ደብዳቤያቸው ተመልሶ የመጣ ቀን ነው። ዳር ላይ አንድ ሰው በእርሳስ «ይህ ሁሉ ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው?» ብሎ ጽፎበታል። የጻፍኩት እኔ፣ የፈረሙት እሳቸው፣ ያፈርነው ሁላችንም ነን። እኛ የውሃ ሰዎች ነን፤ ቧንቧ ሲሰበር የጥገና ትእዛዝ እንጽፋለን እንጂ ማን ነጥብ ይቆጥራል? ሃያ ዓመት ሙሉ ነጠላ ሰረዝን እንደ ጨው ስነሰንስ ኖሬያለሁ። ድርብ ሰረዝ የምጠቀመው ነጠላው ያነሰ ሲመስለኝ ነው። ሁለት ነጥብ ከሰረዝን ጭራሽ አልደፍረውም ነበር።

«ከነገ ጀምሮ ሥርዓተ ነጥቡ ያልታረመ ደብዳቤ ከዚህ ግቢ አይወጣም» አሉ አራት ነጥብ። የሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠን፤ አንዲት አራሚ ተመደበች፤ ቀይ እስክሪብቶ በካርቶን ገባ፤ ከየደብዳቤው ጋር የሚያያዝ ቅጽም ታተመ። ቅጹ ላይ «የተገኙ ስህተቶች ብዛት» የሚል ሳጥን አለ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ከሦስት በታች ያገኘ አራሚ ሳያነብ እንደፈረመ ይቆጠራል» ይላል። ይህን ያሰቡት ራሳቸው ናቸው። በእርግጥ እኛን ስለሚያውቁን ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። በታላቅ እህቴ ሰፈር ቧንቧ ተሰብሮ ውሃ ከጠፋ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። እትዬ የምላት ይህች እህቴ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ፣ ከመምህርነት በጡረታ የወጣች ሴት ናት። ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል፤ እንዲያም ሆኖ በየጠዋቱ ታችኛው ሰፈር ድረስ ወርዳ፣ ጀሪካኗን ሞልታ፣ ዳገቱን እያረፈች ትወጣለች። የጥገና ሠራተኞቻችን ደግሞ የትእዛዝ ደብዳቤ ካላዩ አካፋ አያነሡም። ተራው ለሰፈሯ ሲደርስ ደብዳቤው እኔ እጅ ገባ። አንዲት ስህተት ተገኝታበት ሲመላለስ ሳምንት እንዳይፈጅ ብዬ እሑድ ረቂቁን ይዤ እሷው ቤት ሄድኩ።

«ቆይ፣ ይሄ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?» አለችኝ፣ ጣቷን አንድ ሰረዝ ላይ አሳርፋ።

«ረዘመብኝ፤ ላሳርፈው ብዬ ነው።»

«ደብዳቤ አይደክመውም። ነጠላ ሰረዝ የምትደረድራቸውን ነገሮች ይለያል። ድርብ ሰረዝ ደግሞ ለየብቻቸው መቆም የሚችሉ፣ ግን ጉዳያቸው አንድ የሆነ ሐሳቦችን ያያይዛል። ዝርዝር ልትጀምር ስትል ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ታስቀድማለህ። ይህን የአራተኛ ክፍል ልጆቼ ያውቁት ነበር።»

«ልጆችሽ የት ደረሱ ታዲያ?»

«አንዱ ውሃ መሥሪያ ቤት ገብቷል፤ እስካሁን አልገባውም።»

እስኪመሽ አስቀመጠችኝ። ስድስት ጊዜ ቀዳድዳ አስጻፈችኝ። በመጨረሻ «የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧ፣ መገጣጠሚያ፣ ሲሚንቶ» የሚለውን መስመር ሳነበው እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ደረቴን ነፍቼ ለአራሚዋ ሰጠኋት። አንዴ አነበበችው። ደገመችው። መነጽሯን ወልውላ ሠለሰችው።

«ወንድሜ፣ ምን በድዬህ ነው?» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም የለበትም እኮ! ሳጥኑን በምን ልሙላው? ባዶ ብተወው ሳታነብ ፈረመች ብለው ከሥራ ያባርሩኛል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሌሎቹ እኮ ሦስት ሦስት እያበላሹ ነው የሚያመጡልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግዢ ክፍልማ አምስት ነው፤ ለጋሶች ናቸው። አንተም ሦስት አበላሽልኝና አሁኑኑ ልፈርም።»

እትዬ ያረመችውን ላበላሽ? ሞቼ ነው! ለሃያ ዓመት በማይምነት ስታማ ኖሬ፣ ባወቅኩ በማግስቱ አላወቅኩም ልበል? ነገሩን ለአራት ነጥብ በሁለት ገጽ አቤቱታ አቀረብኩ። አቤቱታም ደብዳቤ ነውና መጀመሪያ ወደ አራሚዋ ሄደ።

«ይሄም የለበትም» አለች፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ሁለቱ ወረቀቶች ማክሰኞንና ረቡዕን ጠረጴዛዋ ላይ ተኝተው ዋሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። ማታ እትዬ ስትደውል «እየታገልኩልሽ ነው» እላታለሁ፤ እሷም «በርታ የኔ ወንድም» ትለኛለች።

ሐሙስ ጠዋት የእትዬ ጎረቤት ደወለች። እትዬ ዳገቱ ላይ ከነጀሪካኗ ወድቃ ቀኝ እጇ ተሰብሯል።

ስልኩን ዘግቼ ደብዳቤውን ከአራሚዋ ጠረጴዛ ላይ ወሰድኩና እስክሪብቶ አነሣሁ። ከ«ቧንቧ» ቀጥሎ ያለውን ሰረዝ ፋቅሁ፤ አድራሻው መሐል ድርብ ሰረዝ ሰነቀርኩ፤ «በመሆኑም» ካለው ቃል በኋላ አራት ነጥብ አደረግሁ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። አራሚዋ ሦስቱንም በቀይ ከበበች፣ ሳጥኑን ሞላች፣ ፈረመች። ዓርብ ሠራተኞቹ ወጡ፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ የእትዬ ቧንቧ ውሃ ሰጠ። አራት ነጥብም በዚያው ዕለት ስብሰባ ጠርተው በወሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስህተት መያዙን አበሠሩን፤ አጨበጨብን።

እሑድ ልጠይቃት ስሄድ ደብዳቤያችንን ማየት እንደምትፈልግ አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር ቅጂውን ከነቅጹ ይዤላት ሄድኩ። በጄሶ የታሰረ እጇን ትራስ ላይ አሳርፋ በግራ እጇ ገለጠችው። ቀዩን አየችና ቀና አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ እሷን መዋሸት አልችልበትም።

«ሦስት አበላሽልኝ ያለችህ ሰኞ ነው?»

«ሰኞ።»

«እኔ የወደቅኩት ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ምነው በሰደበችኝ ብዬ ተመኘሁ። ሳምንቱን ሙሉ ለጎረቤቶቿ «ወንድሜ ከእነዚያ ልበ ደንዳኖች ጋር እየታገለልን ነው» ስትል ነው የሰነበተችው።

«ነገ የየትኛው ሰፈር ደብዳቤ ነው ያለህ?» አለችኝ።

«ከገበያው በላይ ያለው።»

«እዚያም ጀሪካን የምትሸከም አሮጊት አትጠፋም። ገና እንደገባህ ሦስቱን አበላሽ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን በስህተታቸው ስታንበረክክ የኖረች መምህር ናት ይህን ያለችኝ። በማግስቱ ጠዋት አራት አበላሸሁ፤ አራሚዋ አንዱ ቢያመልጣት ብዬ።