ከጉልበት የተዘራ

የጉልበትን ነገር የሚያውቀው ባለጉልበቱ ነው፤ ሻርጃ ባለው ክሊኒክ ግን ወይዘሮ ፈትለወርቅን የጠየቀ አልነበረም። ሐኪሙ ፈረጅ እሳቸውን ዘሎ ለልጃቸው ለናርዶስ ይነግራል፤ ናርዶስ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሳቸው መሃል ላይ እንደ ጆንያ ተቀምጠዋል። ሦስት ወር ሙሉ "ይሞቀኛል፣ ይጠዘጥዘኛል" ቢሉ መልሱ "እርጅና ነው" ሆነ። እርጅናማ ቢሆን ሁለቱንም ጉልበት በያዘ! የሚያማቸው ከሁለት ዓመት በፊት ዱባይ ላይ ብረት የገባለት ቀኙ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ ጉልበት በመርፌ ውሃ ቀድተው ነበር። ዛሬ ውጤቱ መጣ። ምንም ካልተገኘ ሐሙስ ወደ አገራቸው ይሳፈራሉ፤ ቲኬቱ ተቆርጧል። በዚህ እግር ከሄዱ ደግሞ አልጋ ላይ መቅረታቸው እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

ናርዶስ የእንግሊዝኛውን ወረቀት ተቀብላ ግንባሯን ቋጠረች።

"እማዬ፣ ባህልሽ... ባህልሽ ኔጌቲቭ ነው ይላል።"

"የኔ ባህል? የኔ ባህል ምን ጎድሎት ነው እነዚህ የሚነቅፉት? ማንን ሰደብኩ? የማንን ቤት ሳላንኳኳ ገባሁ?"

ነርሷ ሀያት የደሴ ልጅ ናት፤ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን ያዘች። "ኧረ እማማ፣ እሱን አይደለም! ወረቀቱ 'ካልቸር' ያለው ምርመራውን ነው። ዐረቦቹ ዚራዓ ይሉታል፤ መዝራት ማለት ነው። ከጉልበትዎ የቀዱትን ውሃ ምግብ ባለበት ሰሃን ላይ ይዘሩታል። ተህዋስ ካለ ይበቅላል። አምስት ቀን ጠበቁ፤ ምንም አልበቀለም።"

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ፊደል አልቆጠሩም፤ ዘር ግን ያውቃሉ።

"አምስት ቀን ለጤፍ ይበቃል። በርበሬ ዘርተሽ ግን በአምስተኛው ቀን አፈሩን ገልብጠሽ 'የለም' ትያለሽ? ንገሪው ለዚህ ሰውዬ!"

ሀያት ነገረችው። ፈረጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያቸው፤ ወንበሩን ስቦም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

"እውነታቸውን ነው" አለ፤ ሀያት እየተረጎመችለት። "አሥራ አራት ቀን የሚያስጠብቅ ተህዋስ አለ። ውሃው ውስጥ የሚዋጉ ሴሎች በዝተዋል፤ ማንን እንደሚዋጉ ነው ያላገኘነው። ግን ውሃው ሲቀዳ አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ነበር?"

"ምንም አትወስድም" አለች ናርዶስ ፈጠን ብላ።

ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ሰው ሲያናግራቸው ገና አሁን ነው፤ ወዲያው "ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ" ማለት ከጉልበቱ ይልቅ ጠዘጠዛቸው። እጃቸው ግን ወደ መቀነታቸው ሄደ። ቋጠሮውን ፈቱት፤ ቀይና ጥቁር እንክብሎች ጭናቸው ላይ ፈሰሱ።

"አንቺ ስለኔ አትመልሺ" አሉ ልጃቸውን። "ከአገር ቤት ይዤው መጣሁ። ሲብስብኝ እውጣለሁ፣ ሲሻለኝ እተዋለሁ።"

"እማዬ! ዋላሂ ታሳብጂኛለሽ! ተደብቀሽ?"

ፈረጅ አልተቆጣም። እንክብሉን አንስቶ አየና ቀስ ብሎ ተናገረ። ተህዋስ ካለ መድኃኒቱ አልገደለውም፤ አደነዘዘው እንጂ። የደነዘዘ ደግሞ ሰሃን ላይ አይበቅልም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያለ እንክብል መቆየት፣ ከዚያ እንደገና መቅዳት፣ ከዚያ አሥራ አራት ቀን መጠበቅ። ግድ ከሆነም ጉልበቱን ከፍቶ ከአምስት ቦታ ለምርመራ ሥጋ መውሰድ። ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት እሱ ዘንድ መምጣት።

"ሐሙስስ?" አለች ናርዶስ ድምፅዋ ወርዶ።

"ሐሙስ ይቅር" አሉ እናቷ።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ እንክብሎቹን አንድ በአንድ ለቅመው የልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩና ጣቶቿን በሁለት እጃቸው አጠፉላት። ሕመሙ ሲነሳ የራሳቸው አፍ ምን እንደሚል ያውቁታል።

"ስሚኝ። ካተኮሰኝ እዚህ አምጪኝ። ከዚያ በቀር ግን ብለምንሽም፣ ባለቅስም፣ 'ያጠባሁሽ ጡት' ብዬ ብረግምሽም፣ አንዷን እንዳትሰጪኝ። ቃል ግቢልኝ። አሁን፣ እነሱ እየሰሙ!"