የንግሥቲቱ አስተያየት

ኖርማን ኦልሶፕን የዓይን ሞራ እንደጋረደው መጀመሪያ ያጋለጡት ጭራቆቹ ናቸው። ጋዜጣውን እያራቀና እያቀረበ ያነብባል፣ ሚስቱ ባይዋጥላትም መኪና ይነዳል፤ ጭራቆቹ ግን ዓይን አልባ ሆነው ቀሩ። አውራ ጣት የሚያክል የፕላስቲክ ጭራቅ ያነሣና ጋሻውን፣ ጫማውን፣ የቀበቶውን ዘለበት ሳይቀር ቀብቶ ካሳመረ በኋላ ፊቱ ላይ ሲደርስ ብሩሹን ያስቀምጣል። ዛሬ ብርሃኑ አይመችም ይላል። የበጋው እኩሌታ ነው፤ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተንሰራፍታለች።

ኖርማን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ኖቲንግሃም ውስጥ ትንንሽ ወታደር ቀብቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያዋጋ አዛውንት ብርቅ አይደለም፤ አንዱ ስለ እርግብ፣ አንዱ ስለ እግር ኳስ እንደሚያወራ ሌላው ስለ ጦሩ ያወራል። እሱና ጓደኞቹ ሐሙስ ሐሙስ ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ተሰብስበው፣ በነጠብጣብ ቁጥር የሚለየውን ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። የክበቡ ሊቀመንበር ሲድኒ ትራንተር ይባላል። ከኖርማን ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ አንድ ሰፈር ያረጀ፣ ምላሱ ማረፍ የማያውቅ ሰው ነው። እሱ ነው አንድ ሐሙስ፣ ጠረጴዛው ላይ የተሰለፉትን ዓይን አልባ ጭራቆች ጎንበስ ብሎ አይቶ፣

«ኖርማን፣ ጦርህ እንቅልፍ ወስዶታል መሰለኝ። ቀስቅሰን እንውጋቸው ወይስ እንደተኙ?» ያለው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኖርማንም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ግን ካርቶኖቹን ከቆጡ አውርዶ ጦሩን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ። ለሐኪም ቤቱ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ይዟል፤ ወረፋው ግን መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። እስከዚያ ምን ልሁን ብሎ ነው፣ ዕቃውን በሙሉ ለቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ልሰጠው ነው አላት ሚስቱን።

ዶሪን ደነገጠች። የባሏ ጨዋታ ለእሷ እስከዛሬ ምንጣፍ ላይ የደረቀ ቀለም ነበር፣ ባዶ እግሯን የሚወጋት የጣት ጥፍር የማታክል ሰይፍ ነበር። ሆኖም ያለ ጭራቅ የሚውል ኖርማን ምን እንደሚሆን ወዲያው ታያት። ቀኑን ሙሉ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ፣ ሰሐን እንዴት እንደሚደረደር ሊያስተምራት ነው። ዶሪን ዕድሜዋን የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሴት ናት፤ ስለ ሰሐን ከማንም ምክር አትፈልግም።

ስለዚህ ባሏ ጎመኑን ሊኮተኩት ሲወጣ ጠብቃ፣ ከካርቶኑ አንድ ጭራቅ አወጣች። መነጽሯን አጠለቀች። ሁለት ነጭ ነጥብ፣ በነጩ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ። ዓይን ማለት ሌላ ምን አለው?

ኖርማን ጭቃ ጫማውን አውልቆ ሲገባ ጭራቁ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ጠበቀው። አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው። ጭራቁ ሳማ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አንዱ ዓይኑ ወደ መስኮቱ፣ ሌላው ወደ ምድጃው ያፈጥጣል።

ማን እንደሠራው ጠየቀ። «ማን ይሆናል፣ እኔ ነኛ» አለች ዶሪን።

ኖርማን ሳቁ ከሆዱ መጣ። የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዞ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ ሳቀ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየችውም፤ መከፋት ቢገባትም መከፋት አቃታት። ሲበርድለት ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጥፋትሽ ምን መሰለሽ» አላት። «ብሌኑን ክብ አድርገሽ መሐል ላይ ጣልሽው። የሰው ብሌን ክቡ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ሲደነግጥ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ላዩን የዓይን ቆቡ ይበላዋል። ነጩም ነጭ መሆን የለበትም፤ ሻይ ጠብ ያለችበት ወተት በይው።»

ያን ዕለት ትምህርት ተጀመረ። እሱ ያወራል፣ እሷ ትቀባለች። በቅድሚያ የዓይኑን ጉድጓድ በጥቁር ቡናማ መሙላት፤ ጠርዙን እንደ ኩል አስቀርቶ መሐሉን በዚያ ወተት መሸፈን፤ ከዚያ ብሌኑን ነጥብ ሳይሆን ከላይኛው ቆብ እስከ ታችኛው የምትወርድ ቀጭን መስመር ማድረግ። ክርን ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለቱ የእጅ አንጓዎች ተደጋግፈው። ቀለሙ ብሩሹ ጫፍ ላይ እንዳይደርቅ መፍጠን፣ እጅ እንዳይስት መዘግየት። «ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት ነው የማደርገው?» ስትለው፣ አውቶቡስም እንደዚያው ነው አላት። ኖርማን የተሠራውን አጥርቶ ማየት ስለማይችል አንዱ ባለቀ ቁጥር ይህኛው ወዴት ነው የሚያየው እያለ ይጠይቃታል። መጀመሪያ «ወደ ፊት» ብቻ ነበር መልሷ። እየቆየ ግን «ከኋላው ሰው የመጣ መስሎታል»፣ «ይሄ እንኳ ምሳው ላይ ነው ልቡ» ትለው ጀመር።

ዶሪን ዓይን ለማየት ዓይኗ ተከፈተ። በከተማው ባቡር ስትሄድ ከፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሁሉ ታጠናለች። የሰለቸው ሰው ቆቡ እስከ ብሌኑ እኩሌታ ይወርዳል። ስልክ የሚያነብ ሰው የተኛ ይመስላል። የዋሸ ሰው እንዲያውም ከሚገባው በላይ አጥብቆ ያያል። አንድ ቀን አንድ ባለ ሙሉ ሱፍ ሰውዬ መታየቱ ሲበቃው ጊዜ፣ ሰውን በፍቅር ዳክዬ በሚሉት በኖቲንግሃሞች ወግ «ምነው ዳክዬዬ፣ ፊቴን ሳልታጠብ ወጣሁ እንዴ?» አላት። ዶሪን የግራ ዓይኑ ቆብ እጅግ የሚያምር እጥፋት እንዳለው በቅንነት ነገረችው። ሰውዬው የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወረደ። ፌርማታው የእሱ እንዳልነበረ ዶሪን ገብቷታል።

በመስከረም የክበቡ ዓመታዊ የዐውደ ርዕይ ቀን ደረሰ። ኖርማን ጭራቆቹን ደርድሮ ሳይጨርስ ሰው ከበበው። ገና ሳይጠይቁት፣ ዓይኑ የእኔ አይደለም፣ የዶሪን እጅ ነው እያለ ለመጣው ሁሉ ተናገረ፤ ዶሪንም በአዲሱ ሹራቧ አጠገቡ ቆማ ተሽኮረመመች። ጭራቆቹ ነፍስ ዘርተዋል። አንዱ ይጠራጠራል፣ አንዱ አለቃውን ይፈራል፣ አንዱ ቤቱ ናፍቆታል። ሁሉም ደህና ነበር፣ ሻይ የምትቀዳው ግዌን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ጎንበስ እስክትል ድረስ።

«ይሄኛው ሲድኒ አይደል?» አለች።

 ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የግራ ዓይኑ ቆብ ከቀኙ ዝቅ ያለ፣ ብሌኑ ወደ ጎን የተሰረቀ፣ ሌላው ሰው የጣለው ዳይስ ከጠረጴዛው ላይ ወድቆ ቢሆን ብሎ የሚመኝ ዓይን። ሲድኒ ራሱ ነው። ይባስ ብሎ ከጎኑ ያለውም እሱ ሆነ፤ ከኋላ ሦስተኛ ተገኘ።

ዶሪን ፊቷ ጋለ። አስባ አላደረገችውም። ነገር ግን ሲድኒ ስንት እሑድ ማዕዷ ላይ ተቀምጦ የቀረችውን የመጨረሻ ቁራሽ ፓይ በዚያ ዓይን አይቷታል! ራሷ ሳታውቅ እጇ ያንን ሲያጠና ኖሯል።

ሲድኒ አጉሊ መነጽሩን ከኪሱ አወጣና ጭራቁን አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየው። አንድ ነገር ብሎ ያስቃል ብለው ጠበቁት። እሱ ግን ጭራቁን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰው።

«ጆሮው አይመስልም» አለና ወጣ። የመዝጊያውን ንግግር ያን ዕለት ሌላ ሰው አደረገ።

ባልና ሚስቱ ወደ ቤት ተመለሱ። በር ላይ ሲደርሱ ኖርማን ቁልፉን እየፈለገ፣ «ጆሮው በርግጥም አይመስልም» አለ። ዶሪን አልሳቀችም። የባሏን የዕድሜ ልክ ጓደኛ በሰው ፊት አዋርዳለች። በማግስቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ኮቷን ስትለብስ የበሩ ደወል ጮኸ። ሲድኒ ነው፤ ፀጉሩን አስተኝቶ፣ የትምባሆ ቆርቆሮ በሁለት እጁ ይዟል።

ይቅርታዋን ጀመረች። በእጁ አስቆማት፤ ሊኮራረፍ አልመጣም። ወጥ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠና ቆርቆሮውን ከፈተው። ጥጥ ውስጥ አንዲት ትንሽዬ የፕላስቲክ ንግሥት ተኝታለች። ሰማያዊ ካባዋ የብር ዘርፍ አለው፤ ጣቶቿ ላይ ቀለበት ሳይቀር ይታያል። ዓይኗ ግን ባዶ ነው።

«ሞይራ ናት» አለ።

ሞይራ ሚስቱ ነበረች። ካረፈች ሁለተኛ ክረምቷ ሊመጣ ነው፤ ሲድኒ ስሟን አንሥቶ ሲያወራ ግን የሰማ የለም።

«ቀለሙን አውቀዋለሁ፣ ቡናማ ነው። ፎቶም ሞልቶኛል። ግን ፎቶ ላይ ሰው የሚያየው ፎቶ አንሺውን ነው» አለ፤ ቆርቆሮውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «እኔን ስታየኝ እንዴት እንደነበር አውቃለሁ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ትናንት ያንን ጭራቅ ሳየው ግን… እኔን እንደዚያ ካወጣሽ፣ እሷን አትረሻትም ብዬ ነው።»

ዶሪን መነጽሯን አጠለቀች። ኖርማን ሻይ ሊያፈላ ተነሣ፤ እሱም ሥራ እንዳለው ለማሳየት ኩባያዎቹን ያንኳኳል። እሷ ሞይራን በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከል እንዳየቻት አድርጋ ሠራቻት፤ ለስላሳ፣ ቆቡ በእርጋታ ወረድ ያለ። ሲድኒ በአጉሊ መነጽሩ ተመለከተ።

«ቆንጆ ነው» አለ። «እንዲህ የምታየው ቄሱን ነው።»

«እኔንም እንዲህ ነበር የምታየኝ» አለ ኖርማን ከምድጃው በኩል።

«ላንተ ስለምታዝን ነው።»

ዶሪን ብሩሿን አጥባ አሰበች። ከዚያ ያንን የቤልጂጉን ሰውዬ ታሪክ ንገረን አለችው። ሲድኒ በጉብዝናው ዘመን በዚሁ ጨዋታ አንድ የቤልጂግ ሻምፒዮን በአንዲት ቀስተኛ ብቻ እንዴት እንዳሸነፈ የሚተርከው ታሪክ አለው፤ ሰፈሩ ውስጥ ያልሰማው የለም፣ ውሻ ጭምር። ሲድኒ ግራ ቢገባውም ጀመረ። መርከቡን ተሳፈረ፣ ዝናቡ ዘነበ፣ አዳራሹ ገባ። ቀስተኛዋ ኮረብታው ላይ ስትወጣ ዶሪን ሞይራን አየቻት፤ ይቺኑ ጠረጴዛ ተሻግራ፣ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ «እግዚኦ፣ ደግሞ መጣ» የምትል። ጣሪያውን አይታ ብቻ ግን አትቀርም ነበር። ሰው ሁሉ ታሪኩን እየሰማለት እንደሆነ ለማረጋገጥ መልሳ በዓይኗ ጠርዝ በኩል ትቃኝለታለች።

በእርጥብ ብሩሽ የመጀመሪያውን ጠረገችው። ቡናማዋን መስመር ወደ ላይ ገፍታ ከቆቡ ሥር ሸሸገቻት፣ ከሥሯ ነጩን አሰፋች፣ ጥቂት ወደ ጎን አዘነበለቻት። ትንፋሿን የለቀቀችው ሲያልቅ ነው።

ሲድኒ አየ።  መሐረቡን አወጣና ጎረቤት እስኪሰማ አፍንጫውን ተናፈጠ።

«እሷ ናት» አለ። «ልክ እንዲህ ናት፣ አቤት መከራዬ።» ሻዩን አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታሪኩን ግን አልጨረስኩም።»

እስከ መጨረሻው ሰሙት። ታሪኩ ውስጥ ቤልጂጉ በዚህ ጊዜ ከዚህ ቀደም ካለቀሰው የበለጠ አለቀሰ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሲድኒ ንግሥቲቱን ከጦሩ ፊት ኮረብታ ላይ አቆማት። ኖርማን ጭራቆቹን ላከባትና ዳይሱን ወረወረ። በመጀመሪያው ዙር ወደቀች። ጠረጴዛውን የከበበው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ኖርማን ራሱ ዳይሱን እንደገና ልጣለው ብሎ እጁን ዘረጋ። ሲድኒ ከለከለው። ንግሥቲቱን አንሥቶ አቧራዋን እፍ አለላት።

«መጀመሪያም እዚያ ልቁም አላለችም» አለ።

ከዚያ ፊቷን ወደ እሱ አዙሮ ከቢራ ብርጭቆው አጠገብ አቆማትና ጨዋታው ቀጠለ። ያን ምሽት ሲድኒ ክፉኛ ተሸነፈ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ወታደር ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቀና እያለ ያያት ነበር።