አጣቢው ያልተናገሩት

ሩቃያ ሻዩን ከልጇ እጅ አልተቀበለችም። ኩልሱም ስኒውን ይዛ እንደተንበረከከች ቆየች፤ በጨውና በቅቤ የተናጠው ሻይ ላዩ ቆዳ እስኪይዝ ድረስ። በመጨረሻ አክስቷ ባቱል እጇን ሰደድ አድርጋ ስኒውን ተቀበለቻትና ለሩቃያ ሰጠቻት። ሩቃያ ከባቱል እጅ ወስዳ ጠጣች።

የኩልሱም ወንድም ቱራብ ከተቀበረ ሁለተኛው ቀን ነበር። የሐዘን ቤት ምድጃ ለሦስት ቀን አይነድም፤ ሻዩም የገብስ ቂጣውም ከጎረቤት ነው የሚመጣው። ሴቶቹ ይገባሉ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ለሟቹ ይጸልያሉ፣ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ኩልሱም ቀኝ እጅ ይንሸራተታል። ኩልሱምም አውራ ጣቷን በሻሿ ጫፍ ትጠቀልላለች። ሆስፒታል ስትፈርም የነካችው ሐምራዊ ቀለም ታጥቦ ታጥቦ አልለቀቀም።

ሹክሹክታው ከጥግ ይመጣል።

«ጠዋትና ማታ ዓይኑ ላይ የሆነ ነገር ቀብተው ዕቃ ይጭኑበት ነበር አሉ።»

«ማን አለ?»

«ራሷ ኩልሱም ናታ! ዓይኑን ይለኩት ነበር ብላለች።»

«ሰውየው የተመታው ጭንቅላቱን፣ የሚለካው ዓይኑ!» አለች ባቱል። «እግሩ ለተሰበረ በሬ ቀንዱ ሲለካለት አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አንዷ ሳቋ አምልጧት በሻሿ አፈነችው።

«ሊወስዱት ነዋ የሚለኩት። ልብስ ሰፊስ ሳይለካ ይቆርጣል?»

«ደግሞ የቱራብን ዓይን! ማን አይቶ ያልፈዋል?»

ይህስ እውነት ነበር። ቱራብ የሰፈሩ ዓይን ነበር። ከተራራው ወገብ ላይ ድንጋይ የመሰለውን የዱር ፍየል ያለ መነጽር ቆጥሮ ይናገራል፤ የጠፋ ከብት ሲኖር የሚጠራው እሱ ነው። ኩልሱም ተድራ ከሸዮክ ወንዝ ማዶ የሄደች ጊዜ፣ በየዓርቡ ከወንዙ ወዲህ ካለው ቋጥኝ ላይ ይወጣና ይጮህ ነበር፦ «ኩልሱም! አፍንጫሽን ጥረጊ! ሙሽራ እንዲህ አታለቅስም!» ሰው ከሰው በማይለይበት ርቀት። እሷም ሳታስበው እጇ ወደ አፍንጫዋ ይሄዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ የሚመጣው ሳቁ ሳምንት ሙሉ ይበቃታል።

የጎረቤት ላም ሊፈልግ ወጥቶ ነው ከገደል የተፈነቀለ ድንጋይ የመታው። ኩልሱም ሆስፒታል አምስት ቀን አስታመመችው። አሁን ግን ሰዎች ሲያወሩ የምትሰማው ነገር እሷም ያየችው ነው፦ የተዘጋው የዓይን ቆብ፣ የሚያብረቀርቀው ቅባት፣ ነርሷ ዓይኑ ላይ የምታሳርፈው ትንሽ ዕቃ። አንድ ወረቀት ሰጥተዋት በአውራ ጣቷ ፈርማለች። በማታነበው ፊደል ነው የተጻፈው። ምን ላይ ነው የፈረምኩት?

ማታ ሩቃያ ለወንዶቹ መልእክት ላከች።

«ነገ ከሦስተኛው ቀን ጸሎት በኋላ መቃብሩ ይከፈት። ልጄ ዓይኑን ይዞ ከተኛ አላህ ይቅር ይበለኝ። ካልያዘ ግን» አለችና ፊቷን ሳታዞር ጨረሰች፣ «በማን ጣት እንደተሰጠ አውቃለሁ።»

«እማ፣ መቃብር ይከፈታል እንዴ? ኃጢአት አይደለም?» አለች ኩልሱም።

«ኃጢአቱን እኔ ተሸክሜዋለሁ። አንቺ የራስሽን ተሸከሚ።»

መቆፈር ሳያስፈልግ ማወቅ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ አስከሬኑን ያጠቡት የሩቃያ አጎት፣ አፖ ሃሺም። «አፖ» ማለት አያት ማለት ነው፤ ትልቁም ትንሹም እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ግን የአጣቢ ሕግ አለ። መልካም ነገር ካየ ይናገራል፤ ክፉ ካየ ከሟቹ ጋር ይቀብረዋል። የኩልሱም አባት የሞተ ጊዜ አፖ ሃሺም እጃቸው ሳይደርቅ በራፉ ላይ ቆመው «እንደ ተኛ ሰው ነው፤ ፊቱ በርቷል» ብለው ነበር። ለቱራብ ግን ምንም አላሉም። ሦስት ጊዜ ተጠየቁ፤ ሦስቴም «የማጠቢያውን ውኃ ደፍቼዋለሁ» ብቻ ብለው ዝም አሉ።

ዝምታቸው ከባቱል ምላስ በላይ ሰፈሩን ዞረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶማና አካፋ ከበረቱ ግድግዳ ጋር ተደግፈው ቆሙ። ወንዶቹ በግቢው ቁርዓን እየቀሩ ሳለ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባች። መዳፏን ዘርግታ ጸለየች። ኩልሱም አወቀቻት። ናርጊስ ናት፣ ነርሷ።

«ይቺ ናት?» አለች ባቱል ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ምን ቀርቷት መጣች?»

ናርጊስ ቀላች። «ላይኛው ሰፈር እርጉዞች ልመረምር ነው የወጣሁት። እማማ፣ አላህ ያጽናዎት። ከታች መንደር የሚወራውን ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።»

«አላለፍሽማ። ተናገሪ» አለች ሩቃያ።

«ጭንቅላቱ ውስጥ አብጦ ነበር። የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም፤ እብጠቱ ሲብስ አንጎልን ይጨፈልቃል። ወደ ስካርዱ ከተማ ወስደን በትልቁ መሣሪያ እንዳናሳየው መንገዱን ናዳ ዘግቶታል። ከዓይን ኋላ ወደ አንጎል የሚሄድ ጅማት አለ፤ ሽፋን አለው። ጭንቅላት ውስጥ ያለው ውኃ ሲጨናነቅ ወደዚያ ሽፋን ይገፋል፣ ሽፋኑም ይወፍራል። እኛ በአልትራሳውንድ፣ እርጉዝ በምናይበት፣ ውፍረቱን እየለካን ነበር መድኃኒት የምንጨምረው። ዓይኑ መስኮት ነው እንጂ እኛ ከዓይኑ ምንም አልፈለግንም።»

«ወረቀቱስ?» አለች ኩልሱም። ድምፅዋ የራሷ አልመስላት አለ።

«መንገዱ በተከፈተ ሰዓት ወደ ስካርዱ እንድንወስደው የፈቀድሽበት ነዋ። አልነገሩሽም?»

ነግረዋት ይሆናል። ያን ጊዜ የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም።

«አፍ ያለው ሁሉ ይናገራል» አለች ባቱል።

ሩቃያ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። «ለሱ እንዳደረግሽው ለኔ አድርጊልኝ።»

ናርጊስ የእርጉዝ መመርመሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ቅባቱን ከጠርሙሱ መዳፏ ላይ አፍስሳ እስኪሞቅ ያዘችው። ኩልሱም ይህንንም አሁን አስታወሰች፤ ምንም ለማይሰማው ሰው እንኳ ታሞቀው ነበር። ነርሷ የሩቃያን የተዘጉ ዓይኖች ቀባች፣ ዕቃውን ሳትጫን አሳረፈች። በመሣሪያው ትንሽ መስተዋት ላይ ጥቁር ክብ ታየ፤ ከኋላው ቀጭን ጥላ ወደ ታች ይወርዳል።

«ይህ ነው ጅማቱ። የእርስዎ ቀጭን ነው። የሱ በየቀኑ ይወፍር ነበር።»

«ያመው ነበር?»

«ይሄ አያምም።»

ናርጊስ ጨርቅ አወጣች። ሩቃያ ግን እጇን ያዘቻት። «እንዳትጠርጊው።» ዓይኗን ሳትገልጥ ተነሣች፤ ግድግዳውን እየዳበሰች እስከ በራፉ ሄደች። «አጎቴ! ና ወደዚህ!»

ቁርዓን የሚቀሩት አቆሙ። አፖ ሃሺም ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። የእህታቸው ልጅ ዓይኖቿን ጨፍና፣ ቆቦቿ እያብረቀረቁ ቆማለች። ሽማግሌው ክው አሉ።

«ያየኸው ይሄ ነው?»

አፖ ሃሺም ጣታቸውን ከበራፉ ማሰሮ ውኃ ነክረው ቆቧን ነካ አደረጉት። ቅባቱ ቀልጦ በጉንጯ ተንሸራተተ። ጣታቸውን ከአውራ ጣታቸው ጋር አሹት፣ አሸተቱት።

«ይኸው ነው። ደርቆ ነበር። ውኃ ሳፈስበት እንዲህ ወረደ። እኔ... ዓይኑ የፈሰሰ መሰለኝ፣ ሩቃያ። ጥጥ አለበስኩት፣ ዳግም አላየሁትም። ከቆቡ ሥር ክብ ሆኖ ተሰምቶኝ ነበር፤ እጄን ግን አላመንኩትም።»

«እኔ ነኝ ያልጠረግኩት» አለች ናርጊስ ከኋላ። «እየለካሁት ነው ልቡ የቆመው። ሁላችንም ደረቱ ላይ ተረባረብን። ከዚያ በኋላ... ረሳሁት። ፊቱን ሳልጠርግ ሰደድኩት።» ማልቀስ ጀመረች።

አፖ ሃሺም ምርኩዛቸውን አጥብቀው ያዙ። ሦስት ቀን ሲጠበቅ የነበረውን ቃል በራፉ ላይ ቆመው፣ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩት፦ «እንደ ተኛ ሰው ነበር።»

«ዶማውን መልሱት» አለች ሩቃያ ወደ ግቢው።

«ግን እኮ...» ብላ ጀመረች ባቱል።

«ባቱል፣ ሻይሽ ቀዝቅዟል።»

ሩቃያ ወደ ውስጥ ዞረች። አሁንም ዓይኗን አልገለጠችም። እጇን ዘርግታ አየሩን እየዳሰሰች፣ ኩልሱምን አገኘቻት፤ ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ሻሹ ውስጥ የተጠቀለለውን እጅ። ሻሹን ዙር በዙር ፈታችው። ሐምራዊዋን አውራ ጣት ይዛ ወደ ፊቷ አነሣችና፣ በእሷው የዓይኗን ቆብ ቀስ አድርጋ ጠረገች፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።